የኢሊካይን ልብስ የለበሰው

ወንድሙ የሞተበትን አገር ሰው እንዴት ይናፍቃል? ኡናቪ ይህን ጥያቄ ላሟን ስታልብም፣ ድንች ስትለቅምም፣ ምድጃው ፊት ተቀምጣ ጉልበቷን ስታሞቅም ታነሳዋለች። ቶክታርን ራሱን ጠይቃው ነበር።

"እዚህ ምን አለ ኮቫይ?" አላት የልጅ ልጇ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል። ኮቫይ፣ አያቴ ማለቱ ነው።

ምን አለ? ቤቱ አለ። ላሟ አለች። የንብ ቀፎዎቹ አሉ። አያቱ አለች። ይህን ልትዘረዝርለት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ታላቅ ወንድሙ ኢሊካይ ሲሄድም እኮ ይኸው ሁሉ ነበረ፤ ሁሉም ተደምሮ አላስቀረውም።

ሁለቱን ልጆች ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ወላጆቻቸው በበረዶ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦባቸው አብረው ከሄዱ ወዲህ፣ ቶክታር የአያቱን ቀሚስ፣ ኢሊካይ ደግሞ የቶክታርን እጅ ይዘው ነው ያደጉት። የመንደሩ የጋራ እርሻ ሲዘጋ ኢሊካይ እንደ እኩዮቹ ወደ ሰሜን፣ ወደ ነዳጅ ቁፋሮው መመላለስ ጀመረ፤ አንድ ወር እዚያ፣ አንድ ወር እዚህ። ዘንድሮ ድርቆሽ በሚታጨድበት ሰሞን ግን የመጣው በታሸገ ሳጥን ነው። ቧንቧ ወድቆበት ነው አሉ። ሳጥኑ አይከፈትም አሉ። ኡናቪ መዳፏን ብረቱ ላይ አሳርፋ ቆመች። ፊቱን ሳታይ፣ ፀጉሩን ሳትዳስስ፣ የመንገድ ስንቁን በእጁ ሳታስይዘው ተቀበረ።

"ግድ የለም፣ አርባው አለ" እያለች ራሷን ታጽናናለች። እስከ አርባው ነፍስ ከቤት አትርቅም። በአርባው ሟቹ ይመጣል፤ የሱን ልብስ የለበሰ ሰው በማዕዱ ራስ ይቀመጣል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፍራል፣ የጠየቁትን ይመልሳል። ከዚያ ይሸኛል። ከዚያ ወዲያ የለም። እንግዲህ ፊቱን ባታይ ድምፁን ትሰማለች። የምትጠይቀውንም ስታጠራቅም ነው የከረመችው፤ በርዶህ ነበር ወይ፣ ቶሎ ነበር ወይ፣ አጠገብህ ሰው ነበር ወይ፣ ጠርተኸኝ ነበር ወይ።

ቶክታር በስልክ ሲነጋገር የሰማችው በዚህ መሀል ነው። እንጨት ክምሩ ጀርባ ቆሞ በሩሲያኛ ያወራል። እቤት ውስጥ ሩሲያኛ አይናገርም፤ የሚናገረው እሷ እንዳትሰማበት የሚፈልገው ነገር ሲኖር ነው። እሷ ግን ትምህርት ቤት ገብታለች፤ በሩሲያኛ ግጥም ሸምድዳ መምህርቷ ፊት ቆማለች። ትሰማለች።

"አርባው ባለፈ ማግስት" አለ ቶክታር። "አዎ፣ እዚያው የሥራ ጓድ ውስጥ። ቦት ጫማ አለኝ። የወንድሜ።"

የወተቱ ባልዲ ከእጇ አልወደቀም። ቀስ ብላ አስቀመጠችውና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ድመቷ መጥታ ከባልዲው ስትጠጣ አየቻት፤ አላባረረቻትም።

ለአርባው የታረዱትን ዝይዎች አብራት ልትነጭ የመጣችው ጎረቤቷ ሳሊካ ናት። ሳሊካ ባሏን ከቀበረች ቆይታለች። እጇ ፈጣን ነው፤ አፏ ግን ይቀድመዋል።

"እና ማን ሊለብስለት ነው?" አለች፣ ከአፍንጫዋ ላይ ላባ እፍ እያለች።

"ዘመድ አይሆንም። በሱ ዕድሜ ያለ፣ ደህና የሚያውቀው ወንድ ነው የሚያስፈልገው።"

"በሱ ዕድሜ ያለ ወንድ እዚህ መንደር ካለ አሳዪኝና እኔም ላግባው። ሁሉም ሰሜን ነው ያለው።"

"ከከተማ የሚመጡ ጓደኞቹ አሉ።"

"የከተማዎቹን ተያቸው። ማዶ ያለችው ኦቭዳቺ ስትሞት የሆነውን አልሰማሽም? አንዲት የከተማ ልጅ አልብሰው አስቀመጡ። እህትየዋ እንባዋ እየወረደ 'እህቴ፣ መንገዱ እንዴት ነው?' ስትላት፣ ልጅቷ በሩሲያኛ 'ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ' አትልም? የኛን ቋንቋ፣ ማሪኛን፣ አንድ ቃል አታውቅም ለካ። ሽማግሌው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? 'በአርባ ቀን ውስጥ ሩሲያዊ አግብታ ኖሯል' አሉ።"

ኡናቪ ሳትወድ ሳቀች። ወዲያው ሳቋ አስደነገጣትና አፏን በክንዷ ሸፈነች።

"እንግዲያው ቫስሊ ነው" አለች። "አብረው ነው ያደጉት። ማሪኛውም የናቱ ነው።"

"ማሪኛው ደህና ነው። ሆዱ ግን ኢሊካይን ሁለት ያደርገዋል። ሚስቱ እኮ እንደዚህ ዝይ ነው የምታደልበው።"

ሁለቱም ቀጣዩን ዝይ አነሱ። ከዚያ ሳሊካ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የኔ ሰውዬ በአርባው ለልጄ ያለውን ታስታውሻለሽ?" አለች። "ቁጭ ብሎ ሲለምነው፣ ቀበቶ ፈትቶ ሲገርፈው ያልሰማ ልጅ። ልብሱን የለበሰው ሰው 'ልጄ፣ ብርጭቆውን አስቀምጠው' አለው። በቃ። ይኸው እስከ ዛሬ በሠርግ ላይ እንኳ ውሃ ነው የሚጠጣው። እኔ ደግሞ ተናደድኩ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ያን ሁሉ ዓመት እኔ ስለፈልፍ ምን ነበርኩ?"

ኡናቪ የያዘችውን ላባ በኃይል ነቀለች።

"ምነው አንቺ? ቆዳውን ቀደድሽው እኮ።"

ቀድዳው ኖሯል።

በማግስቱ ቶክታር በወንድሙ ስም ጅረቱ ላይ የሚያጋድመውን የእንጨት መሻገሪያ ሊሠራ መጋዙን ይዞ ሲወጣ ጠበቀችና ወደ ቫስሊ ግቢ ሄደች። ቫስሊ ትራክተሩ ሥር ተጋድሟል፤ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። እግሩን አናገረችው።

"ቫስሊ፣ ለኢሊካይ ትለብስለታለህ?"

እግሩ ጸጥ አለ። ከዚያ ተንፏቆ ወጣ። ፊቱ ቅባት ብቻ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

"መቼ ይመጣሉ እያልኩ ስጠብቅዎ ነበር እማማ ኡናቪ። ሌላ ሰው ቢጠይቁ ኖሮ እቀየምዎ ነበር። ሱሪው ግን..."

"ሱሪውን እኔ አሰፋዋለሁ።"

"እንግዲያው ችግር የለም። ጃኬቱን ሳልቆልፈው እቀመጣለሁ። እሱም መቆለፍ አይወድም ነበር።"

ነገሩ እዚህ ላይ አልቋል፤ መሄድ ትችል ነበር። አልሄደችም። የራስ መሸፈኛዋን ፈታች፣ መልሳ አሰረች።

"ሌላም ልለምንህ መጥቻለሁ። እዚያ ስትቀመጥ ስለ ቶክታር እጠይቅሃለሁ። አትሂድ በለው። ሰሜን አትሂድ፣ ከኮቫይ ጋር ሁን በለው። ይህችን ብቻ።"

ቫስሊ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። የጠረገውን ጣት እንደገና ጠረገው።

"እሱ እንኳ አይሆንም እማማ። ልብሱን የሚለብስ ሰው ቃል ይዞ አይቀመጥም። ሥርዓቱን የሚመሩት አባባ ያምባይ ባዶ ሆነህ ተቀመጥ፣ የሚመጣው ራሱ ይመጣል ነው የሚሉት።"

"ኢሊካይ ራሱ ቢሆን ይህን አይልም ነበር?"

"ሊል ይችላል። ላይልም ይችላል። እኔም አላውቅ፣ እርስዎም አያውቁ። ባናውቅ አይደል እንዴ የምንጠይቀው?"

"እሷ 'ላይልም ይችላል' ያልካት ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።" አንድ እርምጃ ቀረበችው። "አንዱን በሳጥን አመጡልኝ። ሁለተኛውን ሳጥን የት አባቴ ላድርገው ቫስሊ? አንተው ንገረኝ፣ የት ላስቀምጠው?"

ሚስቱ በመስኮት ታያቸዋለች። ቫስሊ ወደ ሚስቱ አየ፣ ወደ ትራክተሩ አየ፣ ወደ መሬት አየ።

"ቶክታር እኮ አውራ ዶሮ አይደለም፣ እግሩን አስረው የሚያውሉት" አለ ቀስ ብሎ። እሷ ስታለቅስ ግን አልጨከነም። "እሺ። እሺ በቃ፣ እላለሁ። ኃጢአት ከሆነ ግን..."

"በኔ ላይ ይሁን።"

ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯ ቀሎት ነበር። ሳጥኑ ከመጣ ጀምሮ እንዲያ ቀሎት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የኢሊካይን ሱሪ ወገብ ስትተረትር ቶክታር ገባ። እጅጌው ላይ የመጋዝ ብናኝ አለ፤ ቆሞ አያት።

"ምን እያደረግሽው ነው?"

"ቫስሊ ወፍሯል።"

ቶክታር መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቁ ፈንድቶ መጣ፤ ወንበሩን ይዞ ሳቀ። "ኢሊካይ ይህን ቢያይ በሳቅ ይሞት ነበር" አለና ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ሳቁ ተቆረጠ። ሁለቱም ሱሪውን አዩት።

አጠገቧ ተቀመጠ። መርፌው ውስጥ ክር አስገባላት፤ የሷ ዓይን ከደከመ ቆይቷል።

"ቫስሊ መሆኑ ጥሩ ነው" አለ። "በሱ ከሆነ ኢሊካይ ይመጣል። እኔም የምጠይቀው አለኝ።"

"ምን?"

"የራሴ ነገር ነው።"

ልትገፋበት ፈልጋ ተወችው። ስለ ሰሜኑ ጉዳይ ፈቃድ ሊጠይቅ ነው ብላ አሰበች። እንኳንም ቀደምኩት አለች በሆዷ፤ ክሩንም በጥርሷ በጠሰችው።

የአርባው ቀን ጭጋጉ ሳይነሳ ጀመረ። የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱ ለኢሊካይ ተሞቀ፤ አዲስ የበርች ቅጠል ተነከረለት፤ ማንም ሳይገባ በሩ ጥቂት ተዘግቶ ቆየ። ከዚያ ቶክታርና ጎረምሶቹ በፈረስ ጋሪ ወደ መቃብሩ ሄደው ጠሩት፤ ጋሪው ላይ ትራስ ተደርጎለት፣ ቦታ ተለቅቆለት መጣ። ሳሊካ ባለ ሦስት ድርቡን ቂጣ እየጋገረች፣ "ቀስ በሉ፣ ልጁ ጋሪ ያቅለሸልሸው ነበር" ትላለች።

ቤቱ ሞላ። አባባ ያምባይ ነጭ ካባቸውን ለብሰው ጧፎቹን ለኮሱ፤ አንዱን ለወዲያኛው ዓለም ዳኛ፣ አንዱን ለረዳቱ፣ አንዱን ለኢሊካይ። ሁሉም በተራው ከቂጣውም፣ ከዝይውም፣ ከማሩም ቆርሶ ባዶው ሳህን ላይ ያኖራል፤ ጠላም ጠብ ያደርግበታል። "ኢሊካይ፣ ይድረስህ" ይላል። "ይድረስህ። ይድረስህ።"

ቫስሊ ከጓዳ ወጣ።

ኡናቪ ሱሪውን ያሰፋችው ራሷ ናት። ጃኬቱን የቦረሸችው ራሷ ናት። ጃኬቱ ውስጥ ማን እንዳለም ታውቃለች። ሆኖም ባርኔጣው ወደ ግራ ዘንበል ብሎ፣ ጃኬቱ ሳይቆለፍ፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲገባ አግዳሚ ወንበሩን ያዘች።

"ኮቫይ" አላት። እማማ ኡናቪ አላላትም። "ደህና ነሽ? እግርሽ ተሻለሽ?"

"ተሻለኝ ልጄ" አለች።

አስቀመጡት። አጎረሱት። አባባ ያምባይ፣ "እንዴት ነው ኢሊካይ፣ እዚያ ተቀበሉህ ወይ?" ሲሉት፣ "ተቀበሉኝ" አለ። "ሥራ አለ?" ቢሉት፣ "ሥራማ የትም አለ። አለቃ ነው የሌለው" አላቸው፤ ሰዉ እያለቀሰ ሳቀ፤ ኢሊካይ ራሱ እንዲህ ነበር የሚመልሰው። አኮርዲዮኑ ተነሳ። ሳሊካ እጁን ይዛ ወደ መሀል አወጣችው፤ "ቀስ በል፣ ከሞትክ ወዲህ ከበድክ" እያለች አስጨፈረችው። ቫስሊ ግንባሩ በላብ ርሶ ጨፈረ። አንዳንዴ ኢሊካይ እንደሚያደርገው ትከሻውን ይሰብቃል፤ ማንም አላስተማረውም፤ ከየት እንዳመጣው እሱም የሚያውቅ አይመስልም። ኡናቪ አፏን ከፍታ አየችው። መጥቷል። ልጁ መጥቷል።

ያጠራቀመችው ሁሉ አፏ ላይ መጣ። በርዶህ ነበር ወይ። ጠርተኸኝ ነበር ወይ። ከጎኑ ተቀምጣ ይህን ልትጠይቅ እጁን ያዘች። ከዚያ ቶክታርን አየችው፤ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ቢወጣስ? ወደ ፈረሶቹ ቢሄድና ቢያመልጠኝስ? ጧፉም እያጠረ ነው። የኔ ይቆይ፣ መጀመሪያ የሱ ይለቅልኝ አለች።

"ኢሊካይ ልጄ" አለች ጮክ ብላ፤ አኮርዲዮኑ ቆመ። "ስለ ወንድምህ ምን ትላለህ? አንተ ወደቀረህበት ልሂድ ይላል።"

ቫስሊ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ትከሻው ወረደ፤ አሁን ሲጨፍር የነበረው ሰው ቀስ ብሎ ከፊቱ ላይ ሲሄድ ታያት።

"ቶክታር" አለ። "አትሂድ። ሰሜን አትሂድ። ከኮቫይ ጋር ሁን።"

ልክ እሷ እንደሰጠችው፤ አንድም አልጨመረ፣ አንድም አልቀነሰ።

ቶክታር ሰዉን እየገፋ መጣ። ማዕዱ ፊት ቆመ። ያን ትልቅ ሰውነቱን አጥፎ ወለሉ ላይ ተንበረከከና የወንድሙን ጃኬት እጅጌ ያዘ።

"እሺ ኢዛይ" አለ፤ ታላቅ ወንድሙን ይጠራው እንደነበረው። "አልሄድም።"

ሳሊካ እንባዋን በመሸፈኛዋ ጠረገች። ኡናቪ ታላቁን አምላክ በልቧ አመሰገነች፤ ከደረቷ ላይ የወፍጮ ድንጋይ የተነሳላት ያህል ተነፈሰች።

ቶክታር ግን አልተነሳም።

"ያኔም ይህንኑ ነበር ያልከኝ" አለ። "አውቶቡሱ ጋ። ይዘኸኝ ሂድ ብዬ ስለምንህ አይሆንም፣ አንተ ከኮቫይ ጋር ሁን አልከኝ። እኔ ደግሞ..." እጅጌውን አጥብቆ ጨበጠ። ከቅርብ የቆሙት ብቻ እንዲሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ፤ "እኔ ደግሞ ሂድ፣ እንደወጣህ ብትቀርም ግድ የለኝም አልኩህ። አልመለስክልኝም። ወጣህና ተቀመጥክ፣ በመስኮት እንኳ አላየኸኝም። ተቀይመኸኝ ነው የሄድከው? ኢዛይ፣ ይቅር ብለኸኛል ወይ?"

ቫስሊ ይህን አያውቅም። ማንም አያውቅም። አያቱም አታውቅም።

ባዶ ሆኖ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ምን ይመጣለት እንደነበር ማን ያውቃል። አሁን ግን ቫስሊ የተሸመደደ ቃል ይዞ የመጣ ሰው ነው፤ የተሰጠው ቃል ደግሞ አልቋል። ግጥሙ የጠፋበት ተማሪ መምህሩን እንደሚያይ ቀና ብሎ ኡናቪን አየ።

እሷም ነቀነቀችለት። ሳታስበው ነው፤ ለተጠማ ልጅ ውሃ ስጠው እንደማለት ነው። አዎ በለው፣ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አለ ቫስሊ፤ እንባው እየወረደ። "ይቅር ብዬሃለሁ ቶክታር፣ አልተቀየምኩህም።"

ቶክታር ግን የቫስሊን ዓይን ተከትሎ አያቱን እያየ ነበር። ረጅም አላየም። ጃኬቱን ለቀቀ። ተነሣ። ከቂጣው ቆረሰና ሳህኑ ላይ አኖረ፤ ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም፤ ይድረስህ አላለም። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት፤ ልቡ ተነክቶ ነው ብለው።

"አጽናኑት፣ አጽናኑት" አለች ሳሊካ። አኮርዲዮኑ እንደገና ተነሣ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሸኙት። ሰዉ ሁሉ እየዘፈነ ግቢው በር ድረስ ወጣ። የሳህኑን ምግብ ለውሾቹ ደፉላቸው። ውሾቹ አልተጣሉም፤ ጎን ለጎን ቆመው በሰላም በሉ። "አያችሁ፣ ደስ ብሎት ነው የሚሄደው" አለች ሳሊካ፤ ሰዉም እውነት ነው አለ። አባባ ያምባይ፣ "በል ኢሊካይ፣ መንገድህ ብሩህ ይሁን፤ ወደ ኋላ አትይ፤ ከብቱን ጠብቅልን፣ ንቡን ጠብቅልን፤ የቤቱን ሰዎች አታስፈራቸው" አሉና ለኡናቪ ቦታ ለቀቁላት። የመጨረሻው ቃል የናት ነው፤ እናት ከሌለች የአያት።

ቀረበች። ጃኬቱን በሁለት እጇ ያዘች። አሁን ጠይቂ አለች ራሷን፤ ከዚህ ወዲያ የለም። በርዶህ ነበር ወይ። ቀና ብላ ብታይ ጃኬቱ ውስጥ ያለው ቫስሊ ነው። ላብ ያጠመቀው፣ ያፈረ፣ የጎረቤት ልጅ። ዓይኑን ከዓይኗ የሚያሸሽ። ትከሻውን የሰበቀው ልጅ የለም። ምናልባት አኮርዲዮኑን ባስቆመችበት ሰዓት ሄዷል፤ እሷ ደግሞ ስትሸኘው አላየችም።

"ሂድ ልጄ" አለች። ለማን እንደምትለው ግን አላወቀችም።

ቫስሊ ከበሩ ወጥቶ በመንገዱ ታች ወደ ጅረቱ ሄደ፤ እዚያ ልብሱን አውልቆ የራሱን ለብሶ በሌላ መንገድ ወደ ቤቱ ይገባል። በአዲሱ መሻገሪያ ላይ ሲራመድ የእንጨቱ ድምፅ ተሰማ። ሰዉ መበተን ጀመረ። ኡናቪ ዞር ብላ ቶክታርን ፈለገችው፤ ከሸኚዎቹ መካከል አልነበረም።

ቤት ውስጥ አገኘችው። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የቦት ጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል። ሻንጣው አጠገቡ ነው፤ አዲስ የታሸገ አይመስልም፣ ከአልጋው ሥር ተዘጋጅቶ የቆየ ነው። ማዕዱ አልተነሣም። ጧፎቹ አልቀው ሰሙ እንጨቱ ላይ ፈስሷል።

"ልጄ፣ አውቶቡሱ እኮ ነገ ነው" አለች።

ሁለተኛውን ጫማ አነሣ።

"አልሄድም ብለሃል። በአባባ ያምባይ ፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት ብለሃል።" ሄዳ በሩና በሱ መካከል ቆመች። ከዚያ እንደማያስቆመው ስታውቅ ወደ ጎን ሸሸት አለች፤ እጇን የምታኖርበት አጣች፤ የማዕዱን ፍርፋሪ ትለቅም ጀመር። "እኔ ነኝ። ቫስሊን አትቀየመው፣ አልፈልግም ብሎኝ ነበር፤ አልቅሼ ነው ያስገደድኩት። ግን ቶክታር፣ ስማኝማ። እውነት ሆነ እኮ። አንተው ራስህ ተናገርክ። ኢሊካይ በገዛ አፉ ከኮቫይ ጋር ሁን ብሎህ ነበር። እኔ ባልነካካው ኖሮ ዛሬም ይለው ነበር። እኔ መች አወቅሁ? እናንተ መች ትነግሩኛላችሁ? ይቅርታውንም ቢሆን... ኢሊካይ ቂም የሚያውቅ ልጅ ነበር ወይ? አልነበረም። እኔ አሳድጌዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ይቅር ብሎሃል። እኔ እነግርሃለሁ፣ ይቅር ብሎሃል።"

ማሰሪያውን ቋጠረ። ተነሣ። ወደ ማዕዱ ራስ፣ ወደ ባዶው ወንበር አየ፤ እዚያ የሚሰናበተው ሰው ፈልጎ ያጣ ይመስል ነበር። ኡናቪ ቂጣውን በጥልፉ ጨርቅ እየጠቀለለች ነው፤ ቋጥራ ዘረጋችለት።

"ስንቁን እንኳ ያዝ። እሱ ያለ ስንቅ ነው የሄደብኝ።"

ጥቅሉን ተቀበላት። ሻንጣውን ትከሻው ላይ አደረገ። በሩ ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለ፤ የዚያ ቤት ወንዶች ሁሉ ጎንበስ ሳይሉ አይወጡም። ለአፍታ ጀርባው ቆመ፤ ሊናገር ነው ብላ ትንፋሿን ያዘች።

ከዚያ ወጣ። በሩን ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሰው እንዳለበት ቤት አድርጎ ዘጋው።